የአንድ ምሽት ትኬትና የማይፋቅ መዝገብ

(በዋጃ ከተማ ለተሰበሰበ ሕዝብ የተሰጠ ንግግር፤ ለኅትመት በመጠኑ የተስተካከለ)

 

ለዛሬው ንግግር ምክንያት የሆኑት የዚህች ከተማ ወጣቶች ናቸው። በዚህ በራያ ቆላ አንድ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ለማድረግ ሲመካከሩ፣ ከመካከላቸው በኮምፒዩተር ትምህርት የገፋው አንዱ የመግቢያውን ትኬት በወረቀት ከማሳተም ይልቅ በብሎክቼይን ላይ በቶከን መልክ እናውጣው ሲል፣ ሌላው ይህ ሰው ለማታለል የወጣ ስም ነው ብሎ ተቃወመ፤ ክርክሩም ሳይቋጭ ስለ ቀረ፣ ነገሩን አስረዳን ብለው ጠሩኝ። ስለዚህ ዓላማዬ ለአንዱ ወገን ጥብቅና መቆም ሳይሆን፣ ትኬት ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ፣ ብሎክቼይን የሚባለውም ምን ዓይነት መዝገብ እንደ ሆነ በቅደም ተከተል መርምሬ፣ ሁለቱ ቢጋቡ ትዳሩ ይሰምር እንደ ሆነ ወይም አይሰምር እንደ ሆነ ማሳየት ነው። ፍርዴን እስከ መጨረሻው ደብቄ ላቆያችሁ አልሻም፤ ለኮንሰርት ትኬት ቶከን አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ግን በዝግታ ልዘርዝር።

ከትኬቱ እንጀምር። ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ከሚጠቀሱበት ከወሎ ምድር የበቀለው ሙዚቃ፣ ከዘመኑ የሚበዛውን ያለ ትኬት የኖረ ነው። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ሲገባ አስቀድሞ የሚከፍለው የለም፤ ግጥሙ የነካው ሰው ተነሥቶ ብሩን በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ያልነካው ደግሞ መጠጡን እየጠጣ ዝም ይላል። በነሐሴ ልጃገረዶች በቆቦና በዙሪያው ሶለልን ሲጫወቱም ቤት ለቤት እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ባለቤቱም የአቅሙን ይሰጣቸዋል። በሁለቱም ሥርዓት ዜማው ይቀድማል፣ ክፍያው ይከተላል፤ አደጋውንም የሚሸከመው ዘፋኙ ነው። ነገር ግን የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፍቶ፣ ጥበብ ወንበሩ በተቆጠረ አዳራሽ ውስጥ መግባት ስትጀምር፣ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ፤ ተመልካች አስቀድሞ ይከፍላል፣ ዜማው በኋላ ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ግን ቦታው ሲጠብብ ብቻ ነው፤ በጥር 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሊ ስድሳኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር ሕዝቡ የገባው በነጻ ነበር፤ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ቢዮንሴ ለሚሌኒየማችን መጥታ በአዲስ አበባ ስታዜም ግን በሩ በትኬት ነበር።

እንግዲህ ትኬት ማለት አዘጋጁ ለታዳሚው የፈረመው የአንድ ምሽት ዕዳ ነው። ገንዘብህን ዛሬ ተቀብያለሁ፣ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት በሬን እከፍትልሃለሁ ይላል፤ ምሽቱ ካለፈ በኋላም ለመታሰቢያ ካልሆነ በቀር ዋጋ የለውም። ከዚህ ባሕርዩ የተነሣ ሦስት ሕመሞች ይታዩበታል፤ አንደኛው አስመስሎ የማተም ሕመም፣ ሁለተኛው ነጋዴ ቀድሞ ገዝቶ በእጥፍ የመሸጡ ሕመም፣ ሦስተኛውም ዝግጅቱ ሲሰረዝ ገንዘቡ ሳይመለስ የመቅረቱ ሕመም ነው። መድኃኒት ነኝ የሚል ሁሉ በእነዚህ ሦስቱ ላይ መፈተን ይገባዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ብሎክቼይን፣ ልሻገር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የወጣ አንድ አጭር ጽሑፍ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁና የማይተማመኑ ሰዎች ያለ ባንክ፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ጸሐፊ አንድ የጋራ መዝገብ ሊይዙ የሚችሉበትን መላ አቀረበ፤ በተከታዩም ዓመት በጥር በዚሁ መላ የቆመው ቢትኮይን የሚባለው ገንዘብ ሥራ ጀመረ። መላው ሲገለጥ ይህ ነው፤ መዝገቡ በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ውስጥ እየተገለበጠ ይቀመጣል፤ አዲስ የሚጻፈው ገጽ የቀደመውን ገጽ ማኅተም በውስጡ ይይዛል፤ ስለዚህ አንዱን አሮጌ ቃል ለመፋቅ የሚሻ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን በሙሉ፣ ያውም በብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ እንደ ገና መጻፍ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተነሣው ኢቴሪየም የሚባል ሌላ መዝገብ ደግሞ ከገንዘብ ሌላ ነገርም እንዲጻፍበት አደረገ፤ ቶከን የምንለውም ይኸው ነው፤ ይህ ቁጥር የዚህ ምስጢራዊ ቁልፍ ባለቤት ንብረት ነው የሚል አንድ መስመር።

የዚህን ሐሳብ አምሳያ ከሩቅ ሀገር መፈለግ አያስፈልገንም። በወሎ ምድር በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምእት ዓመት ያስጻፉት ወንጌል አለ። በእርሱም ሆነ በሌሎች ገዳማትና አድባራት ወንጌሎች፣ ባዶ በቀሩት ገጾችና በኅዳጉ ላይ፣ ከቅዱሱ ቃል ጎን የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳትና የመጻሕፍት ዝርዝር ሲጻፍ ኖሯል፤ የምስክሮች ስም ተጨምሮበት፣ ቃሉን በሚሽር ላይ የሚወርደው ግዝትም አብሮ ተጽፎበት። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት በብራና እጥረት ብቻ አይደለም፤ ወንጌል የማይጣል፣ በብዙ ዓይን ፊት የሚገለጥ፣ ቢፋቅም ፍቀቱ የሚታወቅ መጽሐፍ ስለ ሆነ ነው። የብሎክቼይን ፈጣሪዎች በኤሌክትሪክና በሒሳብ የሠሩትን፣ እነርሱ በብራናና በፈሪሀ እግዚአብሔር ሠርተውት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ፣ በወንጌሉ ላይ የሚጻፈው ርስትና ጉልት ነው፤ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ፣ መቶና ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ክርክር የሚነሣበት ነገር ነው። ሁለተኛም፣ መዝገቡ መሬቱ የማን እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ ድንበሩን አይጠብቅም፤ ድንበሩን የሚያውቁትና የሚጠብቁት የሀገሩ ሽማግሎች ናቸው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዘን ወደ ኮንሰርቱ በር እንሂድ።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ቆሟል፤ ከፊቱ ሰልፍ አለ፣ ከበስተኋላው የድምፅ ማጉያው ይሞከራል። ታዳሚው በስልኩ ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ ያሳየዋል፤ ስልኩ አረንጓዴ ሲያበራ ይግቡ ይላል፤ ቀይ ሲያበራ ወደ ጎን ይበሉ ይላል። አሁን የአንዱን ኮድ ፎቶ አንሥተው ለሦስት ሰው የሸጡ እንደ ሆነ፣ ቀድሞ የደረሰው ይገባል፤ የቀሩት ሁለቱ ውጭ ይቆማሉ። ይህን የሚወስነው ማን ነው? በሩን የሚጠብቀው ሰው የሚያየው የአዘጋጁ ዝርዝር ነው። ቁጥሩ በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ላይ በማይፋቅ ሁኔታ ቢጻፍም፣ በሩ የአዘጋጁ፣ አዳራሹም የአዘጋጁ፣ ዘበኛውም የአዘጋጁ ስለ ሆነ፣ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነው። የብሎክቼይን ክብሩ ሁሉም የሚያምነው መዝገብ ያዥ በሌለበት ቦታ መዝገብ ማቆም መቻሉ ነው፤ በኮንሰርት ግን ወደድንም ጠላንም መዝገብ ያዡ አለ፤ እርሱን ባናምነው ኖሮ ትኬቱንም ባልገዛን ነበር።

አስመስሎ የመቅዳቱን ሕመም በሚመለከት ሌላ ቀላል መድኃኒት ተገኝቶለታል። ቲኬትማስተር የተባለው የአሜሪካ ታላቅ ትኬት ሻጭ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በየ15 ሰከንዱ የሚለዋወጥ ኮድ አውጥቷል፤ ፎቶ ቢነሣ ወዲያው ይሞታል፤ ለዚህም ብሎክቼይን አላስፈለገውም። ለሌላው ወገንም ፍትሕ ላድርግ፤ በሆላንድ ጋትስ የተባለ ድርጅት በብሎክቼይን የተመዘገቡ ትኬቶችን ለታወቁ ቀልደኞችና ዘፋኞች ሸጧል፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 በታሊን ከተማ ሪያል ማድሪድና አትሌቲኮ ማድሪድ በተጋጠሙበት የሱፐር ካፕ ጨዋታ፣ ለሕዝብ የተመደበውን ትኬት በሙሉ በዚሁ ዓይነት የስልክ መተግበሪያ አድሏል። ሥራው ሠመረ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቀረብ ብለን ብናየው፣ አታላዩን የከለከለው ትኬቱ ከስልክ ጋር መታሰሩ፣ ኮዱም እስከ ሰዓቱ ድረስ ተሰውሮ መቆየቱ ነው፤ የማይፋቀው መዝገብ ከበስተኋላ ሆኖ ሒሳብ ይጽፋል፤ እርሱን አንሥተን ተራ የኮምፒዩተር መዝገብ ብንተካበት በበሩ ላይ የሚለወጥ ነገር አይታየኝም።

አትርፎ የመሸጡ ሕመም ከዚህ የጠለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ለቴይለር ስዊፍት የኮንሰርት ጉዞ ትኬት ሲሸጥ፣ በአንድ ቀን ከ2 ሚሊዮን በላይ ትኬት ቢሸጥም፣ የኮምፒዩተሩ በር ተጨናንቆ፣ ለጠቅላላው ሕዝብ ታስቦ የነበረው ሽያጭ ተሰረዘ፤ በተከታዩ ጥርም ነገሩ እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ደርሶ ሻጩ ቲኬትማስተር ተጠየቀበት። የዚህ ሁሉ ሥሩ አንድ ነው፤ ዘፋኙ ለአድናቂዎቹ አዝኖ ዋጋውን ገበያው ከሚያወጣው በታች ያደርገዋል፤ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል የሚቀረውን ትርፍ ሊያነሣ የሚሽቀዳደም ነጋዴ ደግሞ አይታጣም። የቶከን ወዳጆች በቶከኑ ውስጥ ከዚህ ዋጋ በላይ አይሸጥም የሚል ሕግ እንጻፍ ይላሉ። መልካም፤ ገዥና ሻጭ ግን በመዝገቡ ላይ በታዘዘው ዋጋ ተዋውለው፣ ቀሪውን ብር በቡና ቤት ጓዳ ቢቀባበሉት፣ መዝገቡ ይህን በምን ያያል? ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ አንድ ተቃርኖ አለ። ቶከን የተፈጠረበት ዋና ጠባዩ ከእጅ ወደ እጅ ያለ ከልካይ መሄዱ ነው፤ አትራፊውን የሚያሸንፈው ትኬት ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የማይሄደው ነው። ስለዚህ ቶከኑን ለትኬት የሚመች ለማድረግ ክንፉን መቁረጥ ግድ ይሆናል፤ ክንፉ ካልተቆረጠም ለነጋዴው ይበልጥ ይመቸዋል። ፊፋ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ትኬት የመግዛት መብትን በቶከን መልክ አውጥቶ ሲሸጥ፣ ሰው ትኬቱን ከመግዛቱ በፊት ትኬቱን የመግዛት መብት ይገዛና ይሸጥ ጀመር፤ በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ገበያ ቆመ ማለት ነው።

አንድ ታሪክ ደግሞ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። በካሊፎርኒያ በረሃ በየዓመቱ ኮቸላ የሚባል የሙዚቃ በዓል ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የበዓሉ አዘጋጆች፣ ባለቤቱን ዕድሜ ልኩን ወደ በዓሉ የሚያስገቡ 10 ቁልፎች በቶከን መልክ አውጥተው በጨረታ ሲሸጡ፣ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አገኙ። ሽያጩ የተካሄደውና ቶከኖቹም የተቀመጡት ኤፍቲኤክስ በሚባለው፣ በብሎክቼይን የሚንቀሳቀሰው የክሪፕቶ ገንዘብ በሚሸጥበት ገበያ ነበር። ዓመቱ ሳይገባደድ በኅዳር ኤፍቲኤክስ ከሠረ፤ ዕድሜ ልክ ይከፍታሉ የተባሉት ቁልፎችም ከከሠረው ቤት ጋር ተቆለፉ። ከመዝገብ ጠባቂ ጥገኝነት ነጻ ያወጣል የተባለው ነገር፣ በተግባር ሲውል ሌላ፣ ያውም የከፋ ጠባቂ ሥር ወደቀ። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተራው ሰው ምስጢራዊ ቁልፉን ራሱ መጠበቅ ስለሚከብደው ለሚጠብቅለት ድርጅት ይሰጠዋል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚያምነው ድርጅቱን ነው እንጂ መዝገቡን አይደለም።

አሁን ወደ ሀገራችን ልመለስ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጿል፤ ቶከን ለማውጣትና ለማስተላለፍ የሚከፈለው አነስተኛ ዋጋም በአብዛኛው የሚከፈለው በዚሁ ገንዘብ ስለ ሆነ፣ ወጣቶቻችን በመጀመሪያው እርምጃ ከሕግ ጋር መጋጨታቸው አይቀርም። ብሎክቼይን ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል የሚል ክስም አለ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2016 ዓ.ም. ለ21 የቢትኮይን አምራቾች ኃይል ለመሸጥ መዋዋሉን ስትሰሙ፣ መብራቱ ሲጠፋባችሁ ብታዝኑ አልፈርድባችሁም፤ ይሁን እንጂ ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ወዲህ አሠራሩን ለውጦ የኃይል ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ስለ ቀነሰ፣ ይህን ክስ በትኬቱ ላይ መጫን ቅንነት አይሆንም።

ከሕጉም ከመብራቱም የሚበልጠው ኔትወርኩ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን በዚህ ቆላ ስልክ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ የነበረበትን ጊዜ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሩቅ ካለ ኮምፒዩተር ጋር ካልተነጋገረ በቀር የማይሠራ ትኬት፣ ሕዝቡ በሩ ላይ ከተሰለፈ በኋላ መስመር ቢጠፋ ምን ይዋጠው? በአንጻሩ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር፣ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም ወደ *127# ደውለው ይከፍሉበታል፤ የክፍያውም ቁጥር በመልእክት ይደርሳል። ያችን ቁጥርና የስልኩን ቁጥር አንድ ላይ በወረቀት ዝርዝር ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው፣ ቶከን ሊያደርግለት የሚችለውን ሁሉ አድርጎታል።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ የሚባለውን ብሎክቼይን ከሠራው ድርጅት ጋር ተስማምቶ፣ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎች ውጤት በዚሁ መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር ታውጆ አልነበረምን? ነበር፤ በዚያም ሐሳብ ላይ የምሰነዝረው ነቀፌታ ያነሰ ነው። የተማሪ ውጤት ዕድሜ ልክ የሚያገለግል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ ሀገር ያለ የማያውቀን ቀጣሪ ሊመረምረው የሚሻ፣ ሰነዱን የሰጠው ትምህርት ቤት ቢዘጋም ሊኖር የሚገባው ነገር ነው፤ በሐይቁ ወንጌል ላይ ከተጻፈው ጉልት ጋር በባሕርይ ይዛመዳል። የኮንሰርት ትኬት ግን ለቅዳሜ ማታ ተወልዶ ቅዳሜ ማታ ይሞታል፤ የሚመረምረውም አንድ ሰው ነው፤ እርሱም የሸጠው ራሱ ነው።

የቀረን ሦስተኛው ሕመም ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው እርሱ ነው፤ በዚህ ቆላም ከሐሰተኛ ትኬት ይልቅ ሰዎች በምሬት የሚያነሡት ሳይደረግ የቀረ ዝግጅት ነው። በሀገራችን ዝግጅት የሚሰረዘው በዘፋኙ ሕመም ወይም በዝናብ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ቴዲ አፍሮ “ኢትዮጵያ” የተባለውን አልበሙን በሒልተን ሆቴል ሊያስመርቅ እንግዶች ተጠርተው ሳለ ምረቃው በፖሊስ ተከልክሏል፤ ያው ዘፋኝ በጥር 2010 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲየም ታላቅ ኮንሰርት አድርጓል። የትኛው ፈቃድ እንደሚጸና፣ የትኛው እንደሚታጠፍ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። የብሎክቼይን ሊቃውንት ለዚህም መልስ አለን ይላሉ፤ ገንዘቡ ራሱን በራሱ በሚፈጽም ውል ውስጥ ይቆይና፣ ዝግጅቱ ከተደረገ ለአዘጋጁ፣ ካልተደረገ ለከፋዮቹ ይለቀቃል። ሐሳቡ ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን ዝግጅቱ መደረጉን ለውሉ የሚነግረው ማን ነው? ዘፋኙ ሁለት ዘፈን ዘፍኖ መብራት ቢጠፋ፣ ያ ተደረገ ይባላል ወይስ አልተደረገም? መዝገቡ ዓይንና ጆሮ ስለሌለው አንድ የታመነ ሰው ሊመሰክርለት ግድ ነው፤ የታመነ ምስክር ካገኘን ደግሞ ገንዘቡን በባንክ በዝግ ሒሳብ አስቀምጠን፣ የሚለቀቅበትን ደብዳቤ ያ ምስክር እንዲፈርምበት ማድረግ እንችላለን።

ስለዚህ ወጣቶቹ ምክር ከጠየቁኝ ይህን እላለሁ። ትኬቱን ተከታታይ ቁጥር ሰጥታችሁ፣ ማኅተም መትታችሁ፣ ጉማጁ በእጃችሁ እንዲቀር አድርጋችሁ በወረቀት አሳትሙት፤ በስልክ ለሚከፍለው የክፍያውን ቁጥር መዝግቡለት። ለአንድ ሰው ከጥቂት ትኬት በላይ አትሽጡ። መሄድ ያልቻለ ሰው ትኬቱን በገዛበት ዋጋ ለእናንተው እንዲመልስ ፍቀዱለት፤ ይህች አንዲት ሥርዓት ብቻዋን ብዙ አትራፊ ታስርባለች። ገንዘቡንም ምሽቱ እስኪያልፍ ድረስ ከእናንተ ሁለት ሰው፣ ከእናንተ ውጭ ደግሞ የከተማው ሕዝብ የሚያከብረው አንድ ሽማግሌ ካልፈረሙ በማይከፈት ሒሳብ አስቀምጡት፤ ለድምፅ ማጉያውና ለጄኔሬተሩ የሚከፈለውን ቀብድ ብቻ አስቀድማችሁ ለዩት፤ ዝግጅቱም ቢቀር በስንት ቀን ውስጥ ገንዘብ እንደሚመለስ በትኬቱ ጀርባ ላይ ጻፉት። ሦስቱም ሕመሞች በዚህ ፈጽመው ይድናሉ አልልም፤ ያለ ቶከን ግን ይቃለላሉ።

ያን በኮምፒዩተር ትምህርት የገፋውን ወንድማችንን ተስፋ አስቆርጬ መሄድ ግን አልሻም፤ የማይፋቅ መዝገብ የሚገባው ነገር በሙዚቃው ዓለም ውስጥ አለና። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ዜማ ወይም ግጥም ደራሲ የገንዘብ መብቱ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቅለታል። ይህ ከአንድ ምሽት ጋር የማይነጻጸር ርዝመት ነው፤ በዚያም ዘመን ሁሉ ዜማው ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ፣ ከሀገር ወደ ባሕር ማዶ ይተላለፋል፤ በእጁ የሚያልፍበት ሁሉ አንዱ ሌላውን አያውቀውም፤ ሁሉም የሚያምነው አንድ መዝገብ ያዥም የለም። በራያ የዘፈን ዜማዎች ላይ ይህ ችግር ይብሳል፤ በየሠርጉ ሲዜሙ የኖሩትን አንዱ ስቱዲዮ ገብቶ ሲቀርጻቸው የራሱ ሆነው ይወጣሉ። ቶከኑን በትኬቱ ላይ ከመድከም በእነዚህ ዜማዎች መዝገብ ላይ ቢሞክረው ድካሙ ከባሕርዩ ጋር ይስማማል። የሚጠብቀው የመጀመሪያው ሥራ ግን ኮምፒዩተሩን የሚመለከት አይደለም፤ መዝገቡ አንድ ጊዜ የተጻፈበትን ስሕተትም የማይፍቅ ስለ ሆነ፣ ስም ከመጻፉ በፊት የትኛው ዜማ የማን እንደ ሆነና ከማን እንደ ተወረሰ ሊመሰክሩ የሚችሉ በዕድሜ የገፉ ዘፋኞችን ከዞብል ተራራ ግርጌ እስከ ጎብዬ በየቀበሌው ፈልጎ ማነጋገር አለበት። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚያውቅ ቢኖር፣ አሁን በሚከፈተው የጥያቄ ሰዓት ስማቸውን ለወጣቶቹ ቢነግርልኝ እወዳለሁ።